የኮንዶ ኢንሹራንስ፦ የማኅበሩ ውል የት ላይ እንደሚያቆም ሳያውቁ አይፈርሙ

ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ፣ ከግድግዳው ወጥታ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የምትገባ ቀጭን ቱቦ አለች። ዋጋዋ ከ15 ዶላር አያልፍም። ጫፏን የሚያጠብቀው የፕላስቲክ ዳዶ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ውሃው ጠብ ጠብ አይልም፣ የመስመሩን ሙሉ ግፊት ይዞ ይለቀቃል። ባለቤቱ የሌሊት ፈረቃ ላይ ከሆነ፣ እስኪነጋ የሦስተኛው ፎቅ የእንጨት ወለል አብጦ፣ የሁለተኛው ፎቅ ኮርኒስ ወርዶ፣ የአንደኛው ፎቅ የወጥ ቤት ካቢኔ ርሶ ይገኛል። ጠዋት ሦስት ባለቤቶችና አንድ የሕንፃ ማኔጀር ኮሪደር ላይ ይፋጠጣሉ። በመካከላቸው ቢያንስ አራት የኢንሹራንስ ውል አለ፤ የቱ ጉዳት በየትኛው ውል እንደሚከፈል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱም አያውቅም።

በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያና በአካባቢው ኮንዶ የገዛ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ኢንሹራንሱ የሚገዛው ግን በአብዛኛው ክሎዚንግ (የግዢው መፈራረሚያ ቀን) ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ባንኩ ስለጠየቀ፣ ከመኪናው ኢንሹራንስ ጋር ተጠቅልሎ ነው። ኤጀንቱ ኮምፒውተሩ ያወጣለትን ቁጥር ይሞላል፣ ገዢው የወሩን ክፍያ አይቶ ይፈርማል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኮንዶ ባለቤት የሚገዛው ውል፣ በኢንሹራንስ ሰዎች አጠራር «ኤችኦ 6»፣ ለብቻው የሚቆም ነገር አይደለም። የማኅበሩ፣ ማለትም የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር፣ ዋና ውል ያልሸፈነውን ቦታ የሚዘጋ ክዳን ነው። ክዳን የሚገዛ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ድስቱን ይለካል።

ድስቱ፦ የማኅበሩ ማስተር ፖሊሲ

በየወሩ ከሚከፈለው የኮንዶ ክፍያ ላይ የተወሰነው ለማኅበሩ ዋና ውል፣ ማስተር ፖሊሲ ለሚባለው፣ ይሄዳል። ይህ ውል ጣሪያውን፣ የውጭ ግድግዳውን፣ ሊፍቱን፣ ኮሪደሩንና የጋራ ቧንቧዎችን ይሸፍናል። ልዩነቱ የሚመጣው ከበርዎ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። አንዳንድ ማኅበር ባዶ ግድግዳ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ካቢኔ፣ ወለል፣ የመታጠቢያ ገንዳ ሁሉ የባለቤቱ ጣጣ ነው። ሌላው ሕንፃው መጀመሪያ ሲሠራ የነበረውን የውስጥ ሥራ ይሸፍናል፣ በኋላ የተሻሻለውን ግን አይነካም። ሦስተኛው ዓይነት ማሻሻያውንም ጨምሮ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለው ግን ብዙ አይደለም።

በሜሪላንድ ይህን ሕጉ ራሱ ወስኖታል። የማኅበሩ ውል የጋራ ቦታዎችንና ክፍሎቹን መሸፈን አለበት፤ ከዚህ ውጭ የሚሆነው ከመጀመሪያው ገንቢ በስተቀር ባለቤቶች ያስገቧቸው ማሻሻያዎች ናቸው። ነገሩ ያለ ክርክር እዚህ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሜሪላንድ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማኅበሩ በአንድ ባለቤት ክፍል ውስጥ ብቻ የደረሰን ጉዳት የመጠገን ግዴታ የለበትም ብሎ ፈርዶ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ በ2009 ሕጉን አሻሽለው ያንን ውሳኔ ቀለበሱት። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሰጠ ምክር ይዞ የሚያወራ ጎረቤት ካለ ጨዋታውን ሰምቶ ማለፍ ነው። በቨርጂኒያ ግን የማኅበሩን መመሥረቻ ሰነድ ሳያነቡ ምንም ማለት አይቻልም።

ለማኔጅመንቱ በኢሜይል የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የማስተር ፖሊሲው የመጀመሪያ ገጽ (ዲክላሬሽን ፔጅ የሚባለው)፣ የመመሥረቻ ሰነዱ የኢንሹራንስ አንቀጽ፣ እንዲሁም ማኅበሩ ስለ ዲዳክቲብል ለባለቤቶች የላከው የመጨረሻ ማስታወቂያ። ሦስተኛው ብዙ ሰው ሳይከፍተው የሚጥለው ወረቀት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ማኅበሩ በየዓመቱ በጽሑፍ የመላክ ግዴታ ያለበትም ያለ ምክንያት አይደለም።

የ10,000 ዶላሩ ነገር

ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ በመኪናው ለምዶታል። ብዙው የማያውቀው ማኅበሩም የራሱ ዲዳክቲብል እንዳለውና ያ ዲዳክቲብል ዞሮ ወደ እርሱ ሊመጣ እንደሚችል ነው።

የሜሪላንድ ሕግ የጉዳቱ መነሻ ከአንድ ክፍል ከሆነ፣ የዚያ ክፍል ባለቤት የማኅበሩን ዲዳክቲብል እስከ ተወሰነ መጠን ይክፈል ይላል። መጠኑ 5,000 ዶላር ነበር፤ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ 10,000 ሆነ። እዚህ ላይ ጥፋት አልተጠየቀም። ቱቦዋ ተሰነጠቀች እንጂ ባለቤቱ ምንም አላጠፋም ቢባል ለውጥ የለውም፤ የሚታየው ውሃው ከየት ተነሣ የሚለው ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የሦስቱ ፎቅ ጥገና 42,000 ዶላር ፈጀ፣ የማኅበሩ ዲዳክቲብል 25,000 ነው እንበል። ቱቦዋ የተሰነጠቀችበት ባለቤት 10,000 ይከፍላል። የቀረው 15,000 የማኅበሩ የጋራ ወጪ ይሆናል፣ ማለትም በሁሉም ባለቤቶች ላይ ይከፋፈላል። የማስተር ፖሊሲው ኩባንያ የሚያወጣው 17,000 ብቻ ነው። ጥገናው በጠቅላላ 9,000 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ኩባንያው ሰባራ ሳንቲም አያወጣም፤ ዘጠኙም ሺህ በዚያ ባለቤት ላይ ያርፋል። የውሃ ጉዳት የበዛባቸው ሕንፃዎች ዲዳክቲብላቸው ከፍ እየተደረገ በመምጣቱ «ማኅበሩ ኢንሹራንስ አለው» የሚለው መጽናኛ በየዓመቱ እየሳሳ ነው።

አሁን ወደ ራስዎ ውል ይመለሱ። ያንን 10,000 የሚከፍልልዎ አለ? አንዳንዱ ኩባንያ በውስጥ ቤት ሽፋኑ (ከቨሬጅ ኤ) በኩል ይከፍላል። ሌላው ሎስ አሴስመንት በሚባለው (ማኅበሩ ባለቤቶችን ሲያዋጣ የእርስዎን ድርሻ በሚከፍለው ሽፋን) በኩል ነው የማየው ይላል፤ ወጥመዱም እዚያ ነው። ብዙ ኩባንያዎች መነሻ አድርገው በሚጠቀሙበት የተለመደ ቅጽ ላይ ሎስ አሴስመንት 1,000 ዶላር ብቻ ነው። ከፍ ያድርጉልኝ ብለው 50,000 ቢያስገቡ እንኳ፣ ከማኅበሩ ዲዳክቲብል የተነሣ ለሚመጣ ክፍያ እዚያው 1,000 ላይ የሚያቆም ትንሽ ዓረፍተ ነገር በተጨማሪው ቅጽ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ኤጀንቱ በአማርኛ ቢያስረዳዎትም ይህን በጽሑፍ ያስመልሱት፦ «ከእኔ ክፍል በተነሣ ጉዳት ማኅበሩ ዲዳክቲብሉን ቢያስከፍለኝ በየትኛው ሽፋን፣ እስከ ስንት ይከፈላል?» ለዚህ አንዲት ጥያቄ በኢሜይል ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ኤጀንት ሌላውንም ባይጠየቅ ይሻላል።

ሎስ አሴስመንትን በተመለከተ አንድ ሌላ ስሕተት በብዛት ይታያል። ሰኔ 24 ቀን 2021 ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ላይ አንድ የኮንዶ ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰው ከሞተ ወዲህ ባንኮችም ክልሎችም ማኅበራት ለጥገና ያላቸውን ተቀማጭ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ከ2022 ጀምሮ የተቀማጭ ጥናት በየ5 ዓመቱ እንዲታደስ አዛለች። ውጤቱ በየቤቱ የሚመጣ ልዩ መዋጮ ነው፤ ጣሪያ ሊቀየር ነው፣ ሊፍት አርጅቷል፣ ጋራዡ ይታደሳል። ይህን ሎስ አሴስመንት አይከፍልም። የሚከፍለው እንደ እሳት፣ እንደ ነፋስ ያለ በውሉ የተሸፈነ አደጋ ደርሶ ማኅበሩ ባለቤቶችን ሲያዋጣ ብቻ ነው። እርጅና አደጋ አይደለም።

ለውስጥ ቤቱ ስንት ይበቃል?

ኮንዶው 320,000 ዶላር ስለተገዛ 320,000 መድን አያስፈልግም። ከዋጋው ውስጥ መሬቱና የሕንፃው አካል አለበት፤ የሕንፃውን አካል የሚሸፍነው ማኅበሩ ነው። በሌላው ጫፍ ያለውም ያስደነግጣል፤ በተለመደው ቅጽ የውስጥ ቤት ሽፋን መነሻው 5,000 ዶላር ብቻ ነው። ካልተጠየቀ እዚያው ይቀራል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ ነው እንበል። የቀድሞው ባለቤት ወጥ ቤቱን አድሷል፤ ካቢኔና ግራናይቱን ዛሬ መልሶ ለመሥራት 22,000። መታጠቢያ ቤቱ በሰድር ተሠርቷል፣ 14,000። ምንጣፉ ተነሥቶ እንጨት ገብቷል፣ 9,000። ድምሩ 45,000 ነው። ማሻሻያውን ያስገባው የቀድሞው ባለቤት ቢሆንም ማኅበሩ አልሸፈንኩም የሚለው ለእርስዎም ያው ነው፤ ብዙ ገዢ «እኔ ምንም አልሠራሁም» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ለማኅበሩ ዲዳክቲብል 10,000 ሲጨመር 55,000 ይመጣል፣ ወደ 60,000 ማጠጋጋት ነው። ማኅበሩ ባዶ ግድግዳ ላይ የሚያቆም ከሆነ በሮቹ፣ ቀለሙ፣ የኤሌክትሪክ ሥራው ሁሉ ስለሚጨመር ቁጥሩ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል።

የአደጋው ዓይነትም አለ። መነሻው ቅጽ የሚከፍለው በስም ለተዘረዘሩ አደጋዎች ነው፤ እሳት፣ ስርቆት፣ ድንገተኛ የውሃ መፍሰስ እያለ ይዘልቃል። «ስፔሻል ፎርም» የሚባለው ተጨማሪ ቅጽ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ያልተከለከለ ሁሉ ተሸፍኗል ይላል። ለውስጥ ቤቱ ይህን ማስጨመር ከሚከፈልበት በላይ ይጠቅማል።

ዕቃው፣ ወርቁ፣ የእቁቡ ብር

የዕቃ ሽፋን ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚከፈለው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ በአሮጌ ዋጋ የሚለው ነው። ከ8 ዓመት በፊት በ2,000 ዶላር የተገዛ ሶፋ በአሮጌ ዋጋ ሲሰላ ምናልባት 400 ያወጣል። በአዲስ ዋጋ ከሆነ የዛሬው ተመሳሳይ ሶፋ ዋጋ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ አሮጌውን ዋጋ ሰጥተው ልዩነቱን የሚለቁት አዲሱን የገዙበትን ደረሰኝ ሲያመጡ ነው።

መጠኑን በግምት አይሙሉ። ስልክ ይዘው ክፍል በክፍል ይዙሩ፣ መሳቢያና ቁም ሣጥን እየከፈቱ ይቅረጹ። የቴሌቪዥኑንና የላፕቶፑን ጀርባ ከነሴሪያል ቁጥሩ ያንሱ። የልብሱ ጠቅላላ ዋጋ ሁሌም ከተገመተው በላይ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ብቻ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ አይስተውም። ቪዲዮው ስልኩ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ስልኩም አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ለእኛ ሰው ከሁሉ ይበልጣል። የዕቃ ሽፋኑ 50,000 ቢሆንም በውስጡ ትናንሽ ጣሪያዎች አሉት። በተለመደው ቅጽ ለጥሬ ገንዘብ 200 ዶላር፣ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ 1,500 ዶላር ነው። የሠርግ ወርቅ፣ ሐብሉ፣ አምባሩ፣ የጆሮ ጌጡ ተደምሮ ስንት እንደሆነ ቤቱ ያውቃል፤ ከተሰረቀ ግን 1,500 ላይ ያቆማል። መፍትሔው ወርቁን አስገምቶ በስም ለይቶ ማስመዝገብ ነው። ያኔ እያንዳንዱ በተመዘገበበት ዋጋ ይሸፈናል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ዲዳክቲብል። ለጥሬ ገንዘብ ግን መፍትሔው ኢንሹራንስ አይደለም። የእቁብ ሰብሳቢ ቅዳሜ 12,000 ዶላር ተቀብሎ እስከ ሰኞ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢያሳድርና ቢሰረቅ፣ ከ12,000 ውስጥ 200 ይመለስለታል።

አብሮ የሚኖር ሰው ጉዳይም አለ። ሽፋኑ ባለቤቱንና አብረውት የሚኖሩ ዘመዶቹን ይይዛል። ክፍል የተከራየ ጓደኛ፣ ምንም ያህል እንደ ወንድም ቢታይ፣ ዕቃው አልተሸፈነም፤ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ ይግዛ። ከተከራየው ክፍል የባለቤቱ ዕቃ በስርቆት ቢጠፋም ኩባንያው ሊከለክል ይችላል። ከቤት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡም ይህን ይወቁ፦ ለንግድ የሚውል ዕቃ የራሱ ዝቅተኛ ጣሪያ አለው፣ ከንግዱ የሚመጣ ተጠያቂነት ደግሞ በአብዛኛው ጭራሽ ውጭ ነው። ለቤተሰብ የሚጋገርበት ምጣድ እሳት ቢያስነሣ ተሸፍኗል።

የተጠያቂነት ሽፋን ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። መነሻው 100,000 ዶላር ነው፤ 300,000 ይበሉት። ልዩነቱ በዓመት ጥቂት አሥር ዶላሮች ነው። የታች ጎረቤት ሶፋ በራሱ ኢንሹራንስ ይከፈላል፣ ኩባንያው ግን ቸልተኝነት አይቶብዎ ከሆነ ገንዘቡን ፍለጋ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ ያኔ የሚቆምልዎ ይህ ሽፋን ነው። ቤቱ ሲጠገን ለሚኖሩበት ቦታ የሚከፍለው ሽፋን በተለመደው ቅጽ የዕቃው ሽፋን ግማሽ ነው። ዕቃውን 20,000 ብቻ ያለ ሰው ለማደሪያ 10,000 አለው ማለት ነው፤ ጥገናው አምስት ወር ከፈጀ በዚህ አካባቢ ኪራይ አይበቃም።

የማይከፈለው ውሃ

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። ድንገት የፈነዳ ቱቦ ይሸፈናል። ለሳምንታት በካቢኔው ጀርባ ሲያዥ የኖረ አይሸፈንም። ከፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ በመታጠቢያ ገንዳው የወጣ ቆሻሻ ውሃ «ዋተር ባክአፕ» የሚባል ተጨማሪ ከሌለ አይሸፈንም፤ የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ይህን ሳያስጨምር መቀመጥ የለበትም። ከውጭ የሚገባ ጎርፍ የራሱ የተለየ ውል አለው። በፌዴራሉ የጎርፍ ፕሮግራም ለአንድ ክፍል ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይገኛል፣ በአብዛኛው ግን ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡ ሲተነበይ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ለሁለት ወር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት የቤቱን ዋና የውሃ መዝጊያ ይዝጋ፣ ክረምት ከሆነ ማሞቂያውን ሳያጠፋ ይሂድ። ሁለቱንም ችላ ብሎ ቧንቧው በርዶ ቢፈነዳ ኩባንያው የመከልከል መብት አለው። ቁልፍ ለሰው ሰጥቶ በሳምንት አንዴ ማስጎብኘት የቆየ ፍሳሽ የሚለውን ክርክርም ያስቀራል። የልብስ ማጠቢያውን የጎማ ቱቦ በየ5 ዓመቱ በብረት ጥልፍ ባለው መቀየር፣ ከውሃ ማሞቂያው ሥር በጥቂት ዶላር የሚገዛ የፍሳሽ ደወል ማስቀመጥ ከማንኛውም ተጨማሪ ቅጽ ይረክሳል።

ኮንዶውን አከራይቶ ሌላ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ውሉን በዚያው ሳምንት ይቀይር። ኤችኦ 6 ባለቤቱ እንደሚኖርበት ታስቦ የተጻፈ ነው። ኪራይን ሳያሳውቁ በአሮጌው ውል መቀጠል ክፍያውን ማቆየት እንጂ ሽፋኑን ማቆየት አይደለም።

ጉዳት በደረሰ ቀን

ውሃውን መዝጋት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ለማኔጅመንቱ መንገር፣ ከዚያ ለራስ ኢንሹራንስ መደወል። ማድረቁ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሻጋታ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ይነሣል፣ ለሻጋታ ያለው ሽፋንም ጠባብ ነው። የረጠበ ዕቃ ጉዳት ገማቹ ሳያየው አይጣል። ጉዳቱ ከዲዳክቲብልዎ ብዙም የማያልፍ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ያስቡ፤ የቀረበ የካሳ ጥያቄ ኩባንያዎች በሚጋሩት መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ክፍያ ያለ በቂ ምክንያት ተከለከልኩ የሚል ሜሪላንድ ውስጥ ለክልሉ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ላለው የኢንሹራንስ ቢሮ አቤት ይላል።

የቧንቧ ሠራተኛው መነሻውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ውሃው ከጋራ መስመር ከሆነ የተነሣው ያ 10,000 ዶላር የእርስዎ አይደለም። የተሰነጠቀችውን ቱቦ ከነዳዶዋ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ያስቀምጡ። ኩባንያው አምራቹን ከስሶ ገንዘቡን ካስመለሰ የከፈሉት ዲዳክቲብል ሊመለስልዎ ይችላል፤ ሠራተኛው ቆሻሻ ውስጥ ከጣላት ግን የሚከሰስበት ማስረጃም አብሮ ሄዷል።